በእግሩ የሄደው ሹፌር

በሰባዎቹ ዓመታት ማለቂያ ላይ፣ ከመገናኛ ኮተቤ ከሚመላለሱት የታክሲ ሹፌሮች መካከል አብዱልናስር ሙሐመድ በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር፤ በጨዋነቱና በወርዱ። ጨዋነቱን ለጊዜው እንተወውና፣ ወርዱ ከሚነዳት መኪና ጋር አልመጣጠን ብሎ የኖረ ነበር። ሰይቼንቶ፣ ዘመኑን ያየ ሁሉ እንደሚያስታውሳት፣ ትንሽ መኪና ናት፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ፣ ሞተሯን ከኋላዋ አዝላ፣ ዳገት ላይ እያጉረመረመች የምትሄድ። አብዱልናስር በሩን ከፍቶ ሲገባ ወደ ግራ ዘንበል ትላለች፤ ጥቂት ታስባለች፤ ከዚያ ትቀበለዋለች። ባልደረቦቹ «አብዱል መኪናዋን አይነዳትም፣ ይለብሳታል» ይሉት ነበር።

በዚህ አይቀየምም። በዚያን ጊዜ ውፍረት የሚያስቀይም ነገር አልነበረም። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተገናኘ ሰው «አምሮብሃል፣ ገላ አውጥተሃል» ብሎ ደስታውን ይገልጻል፤ የሰውየው ቦርጭ ደግሞ የሚስቱ ምስክር ወረቀት ነው። ዘሊካ፣ ሚስቱ፣ በሾላ ገበያ ስታልፍ ሴቶች በአክብሮት መንገድ የሚለቁላት በሌላ ምክንያት አልነበረም።

የአብዱልናስር ሥራ መቀመጥ ነበር። እሱን ቢጠይቁት መንዳት ነው ይል ነበር፤ ግን ከንጋት ሶላት በኋላ መሪ ጨብጦ የተቀመጠ እስከ ማታ አይነሣም። ምሳውን ተራ ሲጠብቅ እዚያው መሪው ላይ ሳህኑን አስደግፎ ይበላል። ሻዩ በመስኮት ይመጣለታል፤ ስኳሩ ከሥር ዘቅጦ በመጨረሻ በማንኪያ የሚበላ ዓይነት ሻይ። እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ይቀመጣል። ከስብሰባው ሲመለስ ደክሞት ፍራሹ ላይ ይቀመጣል። ከቤቱ እስከ መስጊዱ ያለው መንገድ አዛን ሲጀመር የተነሣ ሰው ሳያልቅ የሚደርስበት ነበር፤ እሱ ግን ሞተር አስነሥቶ፣ አሙቆ፣ በታችኛው መንገድ ዞሮ ስለሚመጣ አንዳንድ ጊዜ ይዘገያል። «በእግርህ ብትመጣ ምናለ?» ያለው ሰው አልነበረም። ሹፌር በእግሩ ይመጣል ብሎ ያሰበም አልነበረም።

የመገናኛ ሹፌሮች ደንብ ነበራቸው። የትም አልተጻፈም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ሹፌር ባልደረባውን በእግሩ ሲሄድ ካየ ያቆማል። መኪናው ሞልቶም ያቆማል፤ ተሳፋሪ ተጠጋጉ ይባላል። የሚያጉረመርም ቢኖር «ሹፌር ነው» ይሉታል፤ ያ ይበቃዋል። በእግሩ የሚታይ ሹፌር አንድም መኪናው ተበላሽቶበት፣ አንድም ተወርሶበት፣ አንድም ሰው ሞቶበት ነው። አራተኛ ምክንያት በመስመሩ ላይ አይታወቅም ነበር።

በዚህ ደንብ እጅግ የጸናው ተክሌ ነበር። ተክሌ የአብዱልናስር የልብ ጓደኛ ነው፤ የሚነዳውም ተሳፋሪውን ፊት ለፊት በአግዳሚ ስለሚያስቀምጥ ሕዝቡ «ውይይት» ብሎ ስም ያወጣለትን ትልቁን ታክሲ ነው። እናቱ የሞተች ዕለት ተክሌ ከኮተቤ ሲሮጥ አብዱልናስር አይቶት ተሳፋሪዎቹን መንገድ ላይ አራግፎ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ለቀብሩ አድርሶታል። ከዚያ ወዲህ ተክሌ ውለታውን የሚከፍልበትን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ችግሩ አብዱልናስር በእግሩ ሄዶ አያውቅም።

ሕመሙ የመጣው በውሃ ጥም በኩል ነው። አብዱልናስር ለራዲያተሩ በጄሪካን ውሃ ይይዝ ነበር፤ ቀስ በቀስ ሞተሩ ከሚጠጣው እሱ የሚጠጣው በለጠ። የገባው ደግሞ መውጣት ስላለበት፣ ሰው ጭኖ ሳለ መንገድ ዳር ያቆማል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ አጥር ሥር ደርሶ ይመለሳል። ተሳፋሪዎቹም ጨዋ ሰው መሆኑን ስለሚያውቁ ወደ ሌላው ወገን ይመለከቱለታል።

አንድ ማታ ዘሊካ ካልሲውን ልታጥብ ስታነሣ ደም አየችበት። ጫማውን ገልብጣ ብትመለከት ከሶሉ ሚስማር ወደ ውስጥ ብቅ ብሏል። ሚስማሩ ቀኑን ሙሉ የቀኝ እግሩን አውራ ጣት ሲወጋው ውሏል፤ አብዱልናስር ምንም አልተሰማውም። እግሩ ጠንካራ መስሎት እንዲያውም ትንሽ ኮራ። ዘሊካ ግን አልኮራችም። የሳልህን ነገር ታውቃለች።

ሳልህ የአብዱልናስር ታላቅ ወንድም ነው። የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር የነበረና፣ አሁን ኮተቤ ቤቱ የሚውል፣ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የሌለ። አገር የሚያውቀው መኪናው አዋሽ አጠገብ ገደል ገብቶ እግሩን እንዳጣ ነው። ታሪኩን ራሱ ሳልህ ይናገረዋል፤ ደህና አድርጎም ይናገረዋል፤ ከዓመት ዓመት ገደሉ እየጠለቀ መጥቷል። እውነቱን የሚያውቁት የቤቱ ሰዎች ብቻ ናቸው። ገደል አልነበረም። ስኳር በሽታ ነበር፤ ከአንዲት ጣት የጀመረች ቁስል አልድን ብላ ወደ ላይ የወጣችበት። ለሹፌር ተገልብጦ እግር ማጣት እንደ ኒሻን ነው፤ ተቀምጦ ማጣትን ግን ሳልህ ለሰው የሚነገር ሆኖ አላገኘውም። ስለዚህ ወንድሙን በአላህ ስም አስምሎ ዝም አሰኘው።

ዘሊካ በማግስቱ ባሏን ጤና ጣቢያ ወሰደችው። በመኪና ነው የሄዱት። ደሙና ሽንቱ ተመርምሮ ስኳር መሆኑ ሲታወቅ፣ ገና ወጣት የሆነው ዶክተር ለይኩን አስቀምጦ ይጠይቀው ጀመር።

«በቀን ምን ያህል ይንቀሳቀሳሉ?»

አብዱልናስር በዚህ እንኳ አይታማም። ከጧት እስከ ማታ እንቀሳቀሳለሁ፣ ከመገናኛ ኮተቤ፣ ከኮተቤ መገናኛ፣ ቁጭ ብዬ የምውል ሰው አይደለሁም ሲል መለሰ። ዶክተሩ አደነቀ። እንቅስቃሴው በቂ ነው ብሎ ሊያልፍ ሲል ለነገሩ ያህል ሥራውን ጠየቀው።

«ታክሲ ነጂ ነኝ።»

ዶክተር ለይኩን ብዕሩን አስቀመጠ። «እሱማ የተንቀሳቀሰችው መኪናዋ ናት» አለ።

ከዚያ በኋላ ያዘዘው እንዲህ ነበር። ኪኒን ይውሰዱ። ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጡ፣ ጮማውን ይተዉ። ሰፋ ያለ ለስላሳ ጫማ ያድርጉ፤ ማታ ማታ እግርዎን ይመልከቱ፣ በጣቶችዎ መካከል ያድርቁ። ቁስሉ ሲድን ደግሞ በየቀኑ አንድ ሰዓት በእግርዎ ይሂዱ። አብዱልናስር የት ድረስ ብሎ ጠየቀ። የትም ይሁን አለው። አብዱልናስር የትም ወደሚባል ቦታ ሰው ጭኖ ስለማያውቅ ትንሽ ግራ ገባው። ዶክተሩም አየና በሌላ በኩል መጣ።

«ፍሬን የሚይዙት በየትኛው እግርዎ ነው?»

«በቀኙ።»

«ነዳጁንስ?»

«እሱንም በቀኙ።»

«እንግዲያው ቀኙን እናቆየው» አለው፤ ሌላ አልጨመረም።

አብዱልናስር ወደ ቤቱ ሲመለስ ስለ ሳልህ ሲያስብ ነው የመጣው። ከዚያ በፊት ወንድሙን ያስበው የነበረው በሌለው እግሩ በኩል ሳይሆን በወሬው በኩል ነበር።

የአብዱልናስር ሕመም በሰፈር ተሰማ። ስኳር በቀበሌ በኮታ በሚታደልበት፣ የኅብረት ሱቅ ሰልፍ ከማለዳ በሚያዝበት ዘመን አንድ ሰው ስኳር በዝቶበታል መባሉ ጎረቤቱን አላሳዘነም። ጎረቤታቸው መብሩካ እኛ ለልጆቹ ሻይ አጥተን እሱ ከየት አግኝቶ ነው የተረፈው ስትል በግልጽ ጠይቃለች። ዘሊካ በሽታ መሆኑን አስረዳቻት። መብሩካም እንዲህ ያለውን በሽታ አላህ ለድሃም ያድርስ አለች።

ሹፌሮቹ ደግሞ በሽታውን አመኑ፤ መድኃኒቱን ግን አላመኑም። አብዱልናስር በእግርህ ሂድ ተባልኩ ሲላቸው ተክሌ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሐኪም መርፌ ነው የሚያዘው፣ መንገድ የሚያዝ ሐኪም የት አገር አለ አለ። ሌላው፣ ፀሐዬ የሚባለው ሽማግሌ ሹፌር፣ ነዳጅ በኩፖን ከሆነ ወዲህ ለሐኪሞችም መመሪያ ሳይወርድላቸው አይቀርም ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ። ይህ ለብዙዎቹ አሳማኝ ሆነ። አብዱልናስር ስኳር እግር እንደሚያስቆርጥ ሊነግራቸው ቢሞክር፣ በስኳር እግሩን ያጣ ማንን ታውቃለህ አሉት። አንድ ሰው ያውቃል። ሊል ግን አይችልም። ማንንም አላውቅም አላቸው።

ጣቱ ከዳነ በኋላ፣ አንድ ማለዳ ከሥራ በፊት፣ ሰይቼንቶዋን ደጅ አቁሞ በኮተቤ መንገድ መሄድ ጀመረ። ብዙ አልራቀም። ከኋላው የሚያውቀው ክላክስ ጮኸ፤ ተክሌ አጠገቡ ቆሞ በሩን ከፈተለት። በተክሌ ፊት ላይ የነበረውን ደስታ አብዱልናስር ሊያበላሽበት አልቻለም፤ ገባ። በማግስቱ ፀሐዬ አነሣው። በሦስተኛው ቀን አስቀድሞ ሊያመልጥ ጨለማ ለብሶ ቢወጣ የዳቦ መኪና የሚነዳ የድሮ ባልንጀራው አገኘው፤ ትኩስ ዳቦም ሰጠው። በእግሩ መሄድ ከጀመረ ወዲህ አብዱልናስር በመኪና የሄደው ከወትሮው በለጠ።

ስለዚህ መኪና የማይደርስበትን መረጠ። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው በባሕር ዛፉ መካከል፣ የሰው እግር ያበጀው ቀጭን መንገድ አለ። የመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ተቀመጠ፤ የተቀመጠውም ለማረፍ ብቻ አይደለም፣ መቀመጥ ስለናፈቀው ጭምር ነው። ሦስተኛው ላይ የደን ጠባቂው ኢቲቻ ዱላውን ይዞ መጣበት።

«አባቴ፣ ምን ጠፋብዎ?»

«ምንም አልጠፋብኝም።»

«ታዲያ ወዴት ነው?»

«ወደ ላይ።»

«ላይ ማን አለ?»

«ማንም የለም። ደርሼ እመለሳለሁ።»

ኢቲቻ ነገሩን መረመረው። «ደርሰው ከተመለሱማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እዚያው ቢቆዩ አይሻልም ነበር?»

አብዱልናስር ተነሥቶ ዳገቱን ቀጠለ። ኢቲቻም ባዶ እጁን ተራራ የሚወጣ ወፍራም ሰው መኪናው ከታች የቆመችለት ባለሥልጣን ካልሆነ ሌላ ሊሆን አይችልም ብሎ ደመደመ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያየው ቀጥ ብሎ ይቆምለት ነበር። ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ግን አልፈሩትም። በተለይ ጥሩብርሃን የምትባለው፣ ከሸክሟ የተነሣ ፊቷ ሁልጊዜ መሬት መሬት የሚያይ፣ በጫማው ለየችው። ይኸው ዛሬም ባዶውን ወጣ እያለች ታስቃቸው ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም ወደ እሱ ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ ዝም ብለው የሚወርዱ ከሆነ ይችን ቢያወርዱልኝ አይከብድዎትም» አለችው። ጨዋ ሰው ስለሆነ እንቢ ማለት አልሆነለትም። ከጭራሮዋ ከፍሎ በትከሻው ተሸክሞ እስከ ሾላ ወረደ።

አብዱልናስር እንጨት መሸጥ ጀመረ የሚለው ወሬ እሱ ቤቱ ሳይደርስ መገናኛ ደርሶ ነበር። በዚያ ላይ መክሳት ጀምሯል። ሱሪው ወገቡ ላይ ታጥፎ በቀበቶ ታስሯል፤ ሰይቼንቶዋም ሲገባባት ማዘንበሉን እየተወች መጥታለች። ከሰዓት በኋላ መብሩካ ሁለት ሴቶች አስከትላ፣ አንድ ሳህን ሐልዋና ቅቤ የጠገበ ገንፎ ይዛ ዘሊካ ዘንድ ገባች። ሰው ከሞተበት ቤት እንደሚገባ ቀስ ብለው ነው የገቡት። አይዞሽ፣ ያልፋል፣ መኪናውም ቢሆን ተመልሶ ይገዛል አሏት። ዘሊካ በመስኮት ደጁ ላይ የቆመችውን ሰይቼንቶ አሳየቻቸው። ሴቶቹ አዩ። መኪና እያለ በእግር የሚሄድና የሚከሳ ከሆነማ፣ አለች መብሩካ፣ ነገሩ የባሰ ነው።

ዘሊካ ከዚያ ወዲያ በሾላ ገበያ መንገድ የሚለቅላት አልነበረም። ለባሏ ግን አልነገረችውም። ገንፎውን ራሷ በላችው፤ ሐልዋውን ለልጆቹ ሰጠች።

ዶክተር ለይኩን ግን ደስ ብሎታል። ስኳሩ ወርዷል። እንደዚህ ከቀጠሉ አለ፣ ከዚህ በላይ አልፈልግብዎትም።

ክረምቱ ገባ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ያረፈበት ጭቃ እንደ ሳሙና ነው፤ አብዱልናስር አንድ ቀን ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ እስከ ኢቲቻ ጎጆ ያለውን በጀርባው ወረደ። ኢቲቻ ቀጥ ብሎ ቆሞ ተቀበለው። ዶክተሩ ይህን ሲሰማ ተራራውን ከለከለው፤ የማይሰማ እግር ቢቆስል ማን ያውቅለታል፣ ጠፍጣፋ መንገድ ይሂዱ አለው። ጠፍጣፋ መንገድ የኮተቤ አስፋልት ነው። አስፋልቱ ላይ ደግሞ ተክሌ አለ።

በዚያ ክረምት አብዱልናስር በየማለዳው ወጣ፤ በየማለዳውም ተጫነ። ዝናብ ስለሆነ ሹፌሩ ሁሉ አዘነለት። ጳጉሜን ላይ ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርብ ስኳሩ ወደ ቀድሞው ተመልሶ ነበር። ዶክተሩ ዓይንዎን ይጨፍኑ ብሎ እግሩን በጥጥ ይነካው ጀመር፤ ሲሰማዎ ይንገሩኝ አለው። አብዱልናስር ብዙ ጠበቀ። ጀመሩ ወይ ሊል ሲል ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ተሰማው፤ «አሁን ጀመሩ» አለ።

ዶክተሩ ከጣቶቹ ጀምሮ ነበር።

«ድንዛዜው እዚህ ደርሷል» አለው፣ በጣቱ ቁርጭምጭሚቱ ላይ መስመር እያሰመረ። «እዚህ ከቆመ ደግ ነው። ካለፈ ግን ፍሬን መርገጥዎን በምን ያውቃሉ? ሰው ጭነዋል እኮ።»

አብዱልናስር በማግስቱ ሲወጣ ቁርጥ አድርጎ ነው። ተክሌ እንደ ልማዱ መጣ፣ ቆመ፣ በሩን ከፈተ። ውይይቱ ሞልቷል፤ ተሳፋሪዎቹ ለመጠጋጋት ተነቃንቀዋል።

«ግባ» አለ ተክሌ።

«ዛሬ አልገባም።»

«ምን ማለት ነው አልገባም?»

«በእግሬ ልሂድ። ሐኪሙ ...»

«ሐኪሙን ተወው። በምን አስቀየምኩህ?»

«አላስቀየምከኝም።»

«እንግዲያው ግባ፤ ሰው እያየን ነው።»

አብዱልናስር መንገዱን ቀጠለ። ተክሌ ጥሎት ሊሄድ አልቻለም፤ ደንቡ አይፈቅድም። በግድ ሊጭነውም አልቻለም። ስለዚህ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ በሩን እንደ ከፈተ፣ ጎን ለጎን ይከተለው ጀመር። አብዱልናስር በእግሩ፣ ውይይቱ በእግሩ ልክ፣ እንዲህ ሆነው ወደ መገናኛ ተጓዙ። ውስጥ ያሉት ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት እንደ ተቀመጡ ተወያዩበት። አንዲት ሴት ሰውዬው ስለት ይኖርበታል አለች። አንድ የቢሮ ሠራተኛ ሰዓቱን አይቶ፣ ወርዶ፣ በእግሩ ሄደ፤ ከሁላቸውም በፊት መገናኛ ደረሰ።

ተክሌ ከዚያ በኋላ አላናገረውም። ተራ ሲይዝ ሌላ መኪና ያስገባል እንጂ ከሰይቼንቶዋ ኋላ አይቆምም። ሻይ ሲመጣለት ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ይጠጣል። አብዱልናስር ነገሩ አንገበገበው፤ ጧት ጧት ግን መሄዱን አልተወም፤ ሌሎቹም ተክሌን ያስቀየመ ሰው ነው እያሉ ቆመው፣ ግባ ብለው፣ አልገባም ሲላቸው ተቀይመው ያልፋሉ። ክረምቱ ሲወጣ በመስመሩ ላይ የሚያናግረው ሹፌር ፀሐዬ ብቻ ቀረ፤ እሱም ጆሮው ደህና ስለማይሰማ ነው።

የመውሊድ ዕለት አብዱልናስር ተክሌ ቤት ሄዶ ደጁ ላይ ቆመ። ሳልህ መጥተህ እንኳን አደረሰህ በለኝ ብሎሃል አለው። ሳልህ እንዲህ ያለ ነገር አላለም፤ ግን ተክሌ ሳልህን ያከብራል፤ የታመመ ታላቅ ልኮበት አልሄድም አይልም። በሁለት መኪና ኮተቤ ሄዱ።

ሳልህ ፍራሹ ላይ ተደግፎ ተቀብሏቸው፣ ምሳ ቀርቦ፣ እጅ ከታጠበ በኋላ ተክሌን ሲያይ ወሬው መጣለት። ገደሉን ጀመረ። በዚህ ዓመት ገደሉ ጅብ ነበረበት። ተክሌ እንደ አዲስ ሰማው፣ በየቦታው ከንፈሩን መጠጠ፤ አብዱልናስር ምንጣፉን ያይ ነበር። ሳልህ መኪናውን ሦስተኛ ጊዜ ሊያንከባልለው ሲል ዓይኑ የወንድሙ አንገት ላይ አረፈ። ኮሌታው ለሌላ ሰው የተሰፋ ይመስል ነበር።

«ምን ሆነህ ነው የከሳኸው?»

ተክሌ ቀድሞ መለሰ። ሁለት ወር ያህል ያፈነውን ሁሉ ዘረገፈው። በእግሩ ይሄዳል አለ፤ መኪና አቁሞ። ስናቆምለት አልገባም ይላል። ሹፌር ፊት አዋረደኝ። ሐኪም አዘዘኝ ይላል፣ እግሬን አጣለሁ ይላል፣ በስኳር እግሩን ያጣ ማን አለ ስንለው ማንንም አላውቅም ይላል።

ሳልህ ወንድሙን አየው። አብዱልናስር ቀና አላለም።

«ተክሌ» አለ ሳልህ።

«አቤት ጋሼ።»

«መኪናው አልተገለበጠም።»

ተክሌ የትኛው መኪና እንደሆነ ለማሰብ ሞከረ። «የማን መኪና?»

«የኔ።»

«የአዋሹ?»

«አዋሽ ገደል አለ። እኔ አልገባሁበትም።» ሳልህ የቀረችውን ጉልበቱን በጋቢው ሸፈነ፤ ከዚያ መልሶ ገለጣት። «ጣቴን ጫማ ልጦት ነው። ስኳር ነው አሉኝ። ያኔ ሐኪሙ በእግርህ ሂድ ብሎኝ ነበር። አሥር ጎማ ያለው ሰው በሁለት እግሩ ምን ሊሠራ ይሄዳል ብዬ ሳቅሁበት።»

ተክሌ ወደ አብዱልናስር ዞረ። «አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ምለህ ያዝልኝ ብሎኝ።»

ተክሌ ራሱን ነቀነቀ። መሐላ ያለበት ነገር መሆኑን ሲሰማ ግማሹ ቅያሜው ያን ጊዜውኑ ወጣለት። ሌላው ግማሽ ግን ደንቡ ነው፤ ለሳልህ ነገረው። ሲሄድ እያየሁ ባላቆም ሰው ምን ይለኛል አለ።

«የኔን ንገራቸው» አለ ሳልህ።

«ገደሉን?»

«ገደሉ እንዳልነበረ ንገራቸው።»

ከዚህ በኋላ ስለ ሌላ ነገር አወሩ። ተክሌ ሲወጣ ሳልህን እጁን ሳመው፤ ከዚያ በፊት እጁን ስሞ አያውቅም።

ወሬው በሁለት ቀን መስመሩን አዳረሰ። ሹፌሮቹ መጀመሪያ ያዘኑት ለገደሉ ነበር። ብዙዎቹ አዋሽ ሲያልፉ ያ ነው እያሉ ለተሳፋሪ ሲያሳዩት ኖረዋል። በኋላ ግን በየተራው ሲቆሙ ከመኪናቸው ወርደው እግራቸውን ማየት የጀመሩ ነበሩ፤ ፀሐዬም ሻዩን ያለ ስኳር አምጡልኝ አለ፤ ቀምሶ መለሰው።

በሦስተኛው ማለዳ አብዱልናስር አስፋልቱ ላይ ወጣ። ከኋላው ክላክሱን ሰማ። እንቢ ለማለት ልቡን አዘጋጀ። ውይይቱ ቀረበ፣ ቀዘቀዘ፤ ተክሌ በመስኮት እጁን አውጥቶ ሰላምታ ሰጠው፤ ሁለት ጊዜ ክላክስ አደረገ፤ አለፈ። ወደ ኋላም አላየም። አብዱልናስር የፈለገው ይኸው ነበር። ግን መኪናዋ ኩርባውን ስትታጠፍ ትንሽ ከፋው።

በኅዳር ያልታሰበ ዝናብ ያዘው። ከኮተቤ ሲመለስ፣ መጠለያ በሌለበት ሜዳ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ። ዛሬስ ቢያቆሙልኝ አልቀየምም ነበር ብሎ አሰበ። ሰይቼንቶ መጣች፤ ሹፌሩ ክላክስ አድርጎ በአክብሮት አለፈ። ሌላ መጣች። የዳቦው መኪና መጣ፤ ባልንጀራው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በርታ አለውና ጭቃ እንዳይረጨው ከአስፋልቱ ጥግ ርቆ አለፈለት። ፀሐዬ አለፈ። ተክሌ ሁለት ጊዜ አለፈ፤ አንድ ሲሄድ፣ አንድ ሲመለስ። አብዱልናስር እጁን አንሥቶ ሊያስቆመው አሰበና ተወው። ስንቱን አስቀይሞ ያገኘው ነገር ነው።

ቤቱ ሲደርስ ከራሱ እስከ እግሩ ይንጠባጠብ ነበር። ዘሊካ የሚያደርስህ አጣህ ወይ አለችው። የመስመሩ ሹፌር ሁሉ ሰላም ብሎኛል አላት።

ፍራሹ ላይ ቁጭ አድርጋ ጫማውን ፈታችለት፤ ፎጣ አምጥታ እንደ ታዘዘው በጣቶቹ መካከል አደረቀች። ከዚያ እሱ ዓይኑን ጨፈነ፤ እሷ በነጠላዋ ጥለት ጫፍ ከጣቶቹ ጀምራ ወደ ላይ እየነካች መጣች። ይህን በየሳምንቱ ያደርጉት ነበር።

«እዚህ ጋ» አለ።

ዘሊካ ያለበትን አየች። ቁርጭምጭሚቱ ነው።

«ባለፈው ሳምንት ከነበረበት አልተነሣም» አለችው።

«አልተነሣም?»

«እዚያው ነው።»

ደረቅ ካልሲ አምጥታ አለበሰችው፤ እሱም ዝናቡ እስኪያባራ ትንሽ ተቀመጠ።